የጢያ ትክል ድንጋዮች ለምን እዚያ ሜዳ ላይ ቆሙ?

ጥያቄ፦
በቅርቡ ወደ ጉራጌው ሶዶ ወርጄ የጢያን ትክል ድንጋዮች ጎብኝቻለሁ። አንዱ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ጎራዴዎች ስቆጥር ቆይቼ ቀና ስል፣ ከቅርጾቹ ይልቅ የቦታው ነገር አሳሰበኝ። ድንጋዮቹ በኮረብታ አናት ሳይሆን በገላጣ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል። ከሩቅ እንዲታዩ ታስቦ ነው ወይስ ቦታው ራሱ አስቀድሞ የተለየ ነበር? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ መልሱን ከድንጋዩ ሥር መፈለግ ይሻላል። በቁፋሮ እንደታየው ሥፍራው የመቃብር ቦታ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ የቆመው ከሥሩ ላረፉት ሰዎች ምልክት እንዲሆን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ 36 ድንጋዮች ሲኖሩት፣ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። ጎራዴው በግልጽ ይለያል፤ የቀሩት ምልክቶች አብዛኞቹ ግን እስካሁን አልተፈቱም፤ እያንዳንዱ ጎራዴ ሟቹ በሕይወቱ የገደለውን አንድ ሰው ያመለክታል የሚለውንም እንደ ተረጋገጠ ነገር ባይወስዱት እመክራለሁ።

ሌላ ምላሽ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ከሩቅ እንዲታዩ» የሚለው ለጢያ ብዙም የሚስማማ አይመስለኝም። ረጅሙ ወደ 5 ሜትር ቢደርስም አብዛኞቹ ከሰው ቁመት ብዙ አይበልጡም፤ ቅርጹም የሚነበበው ቀርበው ሲቆሙ ነው። በእኔ እምነት የታሰቡት በሩቅ ለሚያልፍ መንገደኛ ሳይሆን መቃብሩ ድረስ ለሚመጣ ሰው ነው። በሶዶ አካባቢ ብቻ 160 ያህል ተመሳሳይ ሥፍራዎች ስለተገኙም፣ ጢያን ነጥሎ ከማየት አገሩን በሙሉ እንደ አንድ የመቃብር ምድር ማሰብ ይበጃል። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ትክል ድንጋዮቹ በእንሰትና በዛፍ መካከል ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት ምድር ውስጥ ይገኛሉ። በዚያ ሳካሮ ሶዶ የተባለው ሥፍራ ዕድሜ በቅርብ ዓመታት በተደረገ ጥናት እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. እንደሚደርስ ታውቋል፤ ይህም ቀደም ሲል ከታሰበው በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። እንዲህ ያለውን ዕድሜ ለማወቅ የተቻለው ከድንጋዩ ጋር አብሮ የኖረው አፈር ሳይነካ በመቆየቱ ነው፤ አንድ ትክል ድንጋይ ተነቅሎ ወደ ግቢ ማስጌጫነት ሲወሰድ እጅግ የማዝነውም ለዚህ ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ዙሪያውን ሳይ ለካ ነገሩ ከእግሬ ሥር ኖሯል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ማልጄ እገኛለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው በእኩለ ቀን የደበዘዘብኝ ቅርጽ ጥላ አውጥቶ ይታየኝ ይሆናል።