ልጆችን ከወፍና ከዛፍ ጋር ለማስተዋወቅ፦ ለጎጃም ወላጆች ጥቆማ

«ቅዳሜና እሁድ ልጆቼን ወዴት ልውሰድ? ምንስ ልግዛላቸው?» የሚል ጥያቄ ከባሕር ዳርም ከእንጅባራም ይደርሰኛል። መልሴ አንድ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ ካለው ደብር ጀምሩ።

የገጠሩን ደብር ዙሪያውን ደን ይከበዋል። ሌላው ቦታ በባሕር ዛፍ ሲሸፈን ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው እዚያ ተርፏል። ልጅ ዛፍ መለየት የሚጀምርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። መጀመሪያ ብሳናን አሳዩት። ሊረግፍ የደረሰ ቅጠሉ ደማቅ ብርቱካንማ ስለሚሆን ትንሽ ልጅም አይስተውም። ቀጥሎ ዋንዛ። የበሰለ ፍሬው ሲጨመቅ ዝልግልግ ያለ ጣፋጭ ነገር ይወጣዋል፤ ወረቀትም ያጣብቃል። ልጆቹ ከመሬት የለቀሙትን ቅጠል በዚሁ ሙጫ ደብተራቸው ላይ ይለጥፉ። ከዛፉ ግን ምንም አይቀንጠሱ፤ የደብር ዛፍ ነው። አያት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወይራ የእርጎ ዕቃ እንደሚታጠንበት፣ በግራዋ ጋን እንደሚታጠብ፣ ከዋንዛ ከበሮ እንደሚሠራ ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ልጁ ዛፉን አይረሳውም።

ገንዘብ የሚያስወጣው ጀልባው ነው። ባሕር ዳር ላይ አጭሩ ጉዞ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን አሳይቶ ይመልሳችኋል፤ ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። ረጅሙ ዘጌ ያደርሳል። ዋጋው ቢበልጥም ልጆች ላሉት ሰው ዘጌን እመርጣለሁ። በአጭሩ ጉዞ ልጁ እንደተቀመጠ ይመለሳል፤ ዘጌ ግን ወርዶ በጫካው ውስጥ በእግሩ ይሄዳል። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ስለነበር ደኑ ቆይቷል፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው።

ሾላ ካፈራ ቀና ብላችሁ ሆርንቢል የሚባለውን ትልቅ ጥቁር ወፍ ፈልጉ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ይመስላል። ሲበር የክንፉ ድምፅ መሬት ላለ ሰው ይሰማል። ለልጆች ኑሮውን ንገሯቸው። እናቲቱ ዕንቁላል ለመጣል ስትደርስ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈንና ምንቃር የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። አባትየው ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ጉርሻ እያየ ላደገ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ጀልባ ስትይዙ ዋጋውን ከነመመለሻውና ከቆይታው ቀድማችሁ ጨርሱ። በልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ የአዋቂው ትንሽ ልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ደንገሉ አጠገብ ስትደርሱ ሞተር እንዲያጠፋላችሁ ባለጀልባውን ለምኑት፤ ወፎቹን የምታዩት ያኔ ነው። የደንገል ታንኳ ድምፅ ስለሌለው ወፍ አያስበረግግም። ለልጅ ግን አልመክረውም፤ ዳር ሆኖ ሲሠራ ማየቱ ይበቃዋል። ውሃው ዳር ባዶ እግራቸውን አይዘፍዝፉ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ለእንጅባራ ሰው ዘንገና በቂው ነው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያው ደን። ዳሩ ወዲያው ይጠልቃልና የትንንሾቹን እጅ አትልቀቁ። ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት በጣና ደቡብ ምዕራብ ያለውን የጭምባን ረግረግ እመክራለሁ። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ጣና ዙሪያ የሚከርሙት ያን ጊዜ ነው። የኛው ዘውዳም ክሬንም አለ፤ ራሱ ላይ ወርቃማ ላባ ቆሞበታል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ባይኖኩላር፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር፣ እላለሁ። ላዩ ላይ 8 በ 30 አካባቢ የተጻፈበት ለልጅ እጅ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነው ልጅ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። መጫወቻ መደብር ያለውን የፕላስቲክ ግን ተዉት፤ ምንም ሳያይበት ልጁ ይሰለቻል።

ስልክ ላይ ከሚጫኑት መተግበሪያዎች ሜርሊን (Merlin) ለወፍ፣ ሲክ (Seek) ለቅጠልና ለነፍሳት ስማቸውን ለማወቅ ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሲክ መመዝገብም አይጠይቅም። ሜርሊንን የአካባቢውን ወፎች ቤት ሳላችሁ አውርዱለት፤ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። እኔ ግን ሜዳ ላይ ስልክ ባይወጣ እመርጣለሁ። ስልኩ ስሙን ከነገረው ልጁ ማየቱን ያቆማል። መጀመሪያ የጅራቱን ርዝመት፣ የእግሩን ቀለም፣ የሚበላውን አይቶ በእርሳስ ይሣል። ማታ አብራችሁ ፈልጉት።

ደብረ ማርቆስ ላላችሁ፣ የጮቄ ተራራ ቅርባችሁ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ወፍራም ልብስ ያዙ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ጅባራ የሚባል የደጋ ተክል ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ይለኩት። የትም ብትሄዱ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካለ ዘመድ ወይም ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፉትና ደብሩ ግቢ ዋሉ።