ኢንጀክሽኑ ወጥቶ ካርቡራተር ሲገባ አውቶማቲክ ካምቢዮውን ማን ያዘዋል?

ጥያቄ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦
ሰላም ጓዶች። 5.7 ሊትር ሼቭሮሌ ፒክአፕ ወደ ካርቡራተር ተቀይሯል፤ ኮምፒውተሩ ወጥቷል። ካምቢዮው ፎር ኤል 60 ኢ (ማርሹ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ አውቶማቲክ) ነው። ዲ ላይ በ3ኛ ማርሽ ብቻ ይሄዳል፣ ማርሽ ሲገባም ይመታል። ካምቢዮው ይውረድ?

መልስ 1፦
እንዳታወርደው! ሁለቱ የማርሽ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የዘይት ቫልቮች) ኤሌክትሪክ ሲያጡ 3ኛ ላይ ይቀራል። የግፊት ሶሌኖይዱም ሲቋረጥ የዘይቱ ግፊት ጣሪያ ይነካል፤ የሚመታው ለዚህ ነው። በወጣው ኮምፒውተር ምትክ ካምቢዮውን የሚያዝ፣ ራሱን የቻለ የካምቢዮ ኮንትሮለር ግጠም። ከቁልፍ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ከሞተሩ ብሎክ ጥሩ ማሳ (ኔጌቲቭ መመለሻ)፣ ከቦቢናው (የካንዴላውን እሳት ከሚሰጠው) ኔጌቲቭ የሞተር ዙር፣ ከካምቢዮው ጭራ የፍጥነት ሴንሰር ይፈልጋል። የፍጥነቱን ሁለት ሽቦ ጠምዝዘህ ከካንዴላ ሽቦ አርቀው።

ዋናው ግን ካርቡራተሩ ላይ የሚታሰረው፣ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚናገረው የጋዝ ሴንሰር ነው። በ5 ቮልት ይሠራል፤ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) 0.5፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ 4.5 ቮልት ገደማ በቴስተር ይነበብ፣ መሀል ላይም አይዝለል። ንባቡ ዝቅ ብሎ ከቀረ ኮንትሮለሩ ጭነት የለም ብሎ ግፊት ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ የ3ኛና 4ኛው ፍሪሲዮን (የካምቢዮው ውስጥ መያዣ ዲስክ) ተንሸራቶ ይቃጠላል።

መልስ 2፦
መጀመሪያ ካርቡራተሩ ይስተካከል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ለቆላ የተዘጋጀ ጄት (የካርቡራተሩ የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ነዳጅ ያበዛል። የሚኒሞ ብሎኑን በኋላ ከነካኸው የሴንሰሩ ቮልት ይለወጣል፣ ኮንትሮለሩን እንደገና ማስተማር ነው።

ጠያቂ፦
ያለ ኮምፒውተር፣ ከካርቡራተሩ በሚሳብ ኬብል የሚሠራው 700 አር 4 ካምቢዮ አይቀልም?

መልስ 1፦
ሽቦ ይቀንሳል እንጂ አይቀልም። የኬብሉ መሳቢያ ማዕዘን ከካርቡራተሩ ጋር ካልገጠመ ያንኑ ፍሪሲዮን ያቃጥላል። ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና ደግሞ የማርሽ ማንሻውን ቦታ የሚያነበው ስዊች ከኮንትሮለሩ ጋር መገናኘቱን አረጋግጥ፤ አለዚያ 2 ላይ ብታስገባውም ላይታዘዝ ይችላል።