በፕላትሌት የታገዘ የጥርስ ተከላ፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ለእናትዎ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተከላ ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ ብለው ስለጠየቁ፣ እኔና እኅቴ ባለፈው ዓመት ተመላልሰን ያየነውን ልንገርዎ። «በፕላትሌት የታገዘ» የሚባለው፣ ደም እንዲረጋና ቁስል እንዲድን የሚረዱትን ፕላትሌት የተባሉ የደም ሕዋሳት ከታካሚው ከራሱ ደም አጠራቅሞ ተከላው ላይ መጨመር ነው። በቅድሚያ ግን ክሊኒኮቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ይወቁ። ፒአርፒ የሚባለው ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ተጨምሮበት ይዘጋጃል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ሹክሩን በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፒአርኤፍ ግን ምንም ሳይገባበት፣ ከክንድ እንደተቀዳ ወዲያው ሴንትሪፊውጅ በሚባለው፣ የደሙን ክፍሎች በሚለያይ ማሽን ይሽከረከራል።

«ወዲያው» ማለቴ በምክንያት ነው። መጀመሪያ በሄድኩበት ክሊኒክ ማሽኑ ሌላ ክፍል ስለነበር የተቀዳው ደሜ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ሳይሽከረከር ረጋ፤ እንደገና እንዲቀዳልኝም አልፈቀድኩም፣ ወጣሁ። በኋላ የተተከለልኝ ሌላው የደሴ ክሊኒክ ማሽኑን ከሕክምናው ወንበር አጠገብ አስቀምጦታል። ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ ቲዩቡ ሲወጣ ከታች ቀይ ደም፣ ከላይ ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ መሀል ላይ ደግሞ ጮማ የመሰለ ቢጫማ የረጋ ነገር ይታያል። ሐኪሟ እሱን በወረንጦ ስባ፣ ቀዩን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ፣ በትንሽ ሣጥን ተጭና ስስ ካደረገችው በኋላ ከድዴ ሥር አኖረችው።

ሐረጎን ወርደው የሚያገኙት፣ የእኅቴን ጥርስ የተከለው የኮምቦልቻ ክሊኒክ ፕላትሌት አያዘጋጅም። ይሁንና በጥርሱ ሥር ፋንታ የተተከለው የቲታኒየም ብረት በአጥንቱ ውስጥ ምን ያህል እንደጸና፣ አይኤስኪው በሚባለውና ከ1 እስከ 100 በሚቆጥረው መለኪያ በየቀጠሮው ይለካል። ደሴ ላይ ይህን አላገኘሁም፤ የእኔን ሐኪሟ በመሣሪያዋ እጀታ መታ መታ አድርጋ «ጥሩ ነው» አለችኝ።

ልኬቱ የሚያስፈልገው፣ አሮጌው አጥንት እየተመጠጠ አዲሱ እስኪተካ ድረስ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የተከላው ጽናት ስለሚቀንስ ነው። ፒአርኤፍ ረዳ የተባለባቸው ጥናቶችም በአብዛኛው ጥቅሙን ያዩት በዚሁ ጊዜ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ ልዩነቱ ይጠባል፤ ምንም ልዩነት ያላገኙም አሉ። ስለዚህ «ያለ ፕላትሌት አይያዝም» የሚልዎትን ሰው እንደ ነጋዴ ይስሙት።

የእናትዎ አጥንት በቂ መሆኑ በራጅ ከታየ፣ እኔ ብሆን ኮምቦልቻ እወስዳቸዋለሁ። ጥርሱ ተነቅሎ በዚያው ቀን የሚተከል ከሆነና ጉድጓዱ ሰፊ ከሆነ ግን የደሴውን እመርጣለሁ፤ ፒአርኤፍ ለድዱ ቁስል መዳን የሚሰጠው እርዳታ እዚያ ላይ ዋጋ አለውና። ስኳር ካለባቸው መጠኑን አስቀድመው ያስለኩ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያስቁሟቸው። በቀጠሮው ጠዋት ደግሞ ቁርሳቸውን በልተው ይሂዱ፤ የሚሰጠው ማደንዘዣ የአካባቢ ብቻ ስለሆነ መጾም አያስፈልግም፣ እኔ በባዶ ሆዴ ሄጄ ደም ሲቀዳልኝ ራሴን ልስት ነበር።