ደብረ ብርሃን ላይ 40 ካሬ ቤት፦ ጭቃ ወይስ ብሎኬት?

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ሰፈር ወጣ ብሎ ከአባቴ የደረሰኝ 200 ካሬ ቦታ አለኝ። አሁን አዲስ አበባ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ለከርሞ እዚያ ሁለት ክፍል፣ ከ40 ካሬ ያልበለጠ ቤት ሠርቼ ከእናቴ ጋር ልገባ አስቤያለሁ።

ሐሳቤ ጭቃ ቤት ነው። ያደግሁበት ቤት ጭቃ ነበር፤ ሙቀቱ አይረሳኝም። ያማከርኩት ኮንትራክተር ግን «በዚህ ዘመን ጭቃ? ብሎኬት ይሁን» አለኝ። ብሎኬት ቤት የሠራች ጓደኛዬ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ነው የምትተኛው። እናቴ ጉልበቷን ብርድ ያመዋል፤ ለእሷ ነው የምጨነቀው። ደብረ ብርሃንን ታውቁታላችሁ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ኖራችሁበት የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አናፂ ከሸኖ

እህቴ፣ ጭቃ ይሆናል። ግን እንጨቱ ላይ አትቸኩዪ። ባህር ዛፉን በበጋ አስቆርጪ፣ ልጣጩ ይነሳ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ጥላ ሥር ይድረቅ። እርጥቡን አቁመሽ ከመረግሽው እንጨቱ ይኮማተርና ግድግዳው ይሰነጠቃል። ሰው ጭቃውን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው።

ሌላው፣ ቋሚውን መሬት ውስጥ አትቅበሪ። በስብሶ የሚቆረጠው አፈርና አየር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ከመሬት 50 ሳንቲ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይሠራና ቋሚው እዚያ ላይ በብረት ይታሰር። «የተቃጠለ ዘይት ቀቢው» የሚልሽ አይጠፋም። አታድርጊው፣ ጓሮሽን ይመርዛል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ አንጎለላ በኩል 36 ካሬ የጭቃ ቤት ሠራሁ። ከባለቤቴ ጋር እስከ ዛሬ እዚያው ነን።

ከግድግዳው በፊት ፀሐይዋን እይ። በእኛ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ውርጩም የሚወርደው በእነዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ መስኮቶች በደቡብ ይሁኑ። በሰሜን ትንሽ መስኮት ይበቃል። የእናትሽን መኝታ ደግሞ በምሥራቅ አድርጊው፣ የጠዋቷ ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ትግባላት። እኔ ቤት ቀትር ላይ በደቡቡ መስኮት የገባችው ፀሐይ የውስጡን ግድግዳ ታሞቀዋለች። ግድግዳው 20 ሳንቲ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ውጭ እየበረደ እጄን ሳስቀምጥበት ገና ለብ ያለ ነው። ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ ያን ያህል ሙቀት አይዝልሽም።

ያ ሙቀት በጣሪያ በኩል እንዳያመልጥ ግን ኮርኒሱ ላይ አንድ ነገር አልብሺበት። ባዶ ቆርቆሮ ሌሊቱን ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። እኛ በቀጭን ጭቃ የተለወሰ ጭድ አንድ ስንዝር ያህል አነጠፍንበት። የዝናቡ ጩኸትም አብሮ ቀነሰልን።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርሽ። በሁለተኛው ዓመት «ያምርልሃል» ብለውኝ የፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። እውነትም አማረ። በሦስተኛው ክረምት ግን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ጥቅምት ላይ እንደ በር የሚሰፋ ልስን ጭቃውን ይዞ ወደቀ። ውስጡ ያለው ማገር ረጥቦ ሻግቷል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ መውጫ ያጣል። በጣም አዘንኩ። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፣ መዶሻ አንስታ የቀረውን አብራኝ አረገፈች። ከዚያ በጭቃ፣ በጭድና በእበት እንደገና መረግነው፣ ላዩን ኖራ ቀባነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ይዞ ኖራውን ማደስ ነው፣ በቃ።

የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 80 ሳንቲ ይውጣ። የጭቃ ጠላቱ የሚረጭ ውኃ ነው።

ጭቃው ደግሞ በደንብ ይቡካ። ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ፣ እየተረገጠ፣ ውኃ እየተጨመረበት ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲሸት ደረሰ ማለት ነው። ዋልካ፣ ያ ጥቁሩ አፈር ግን ለምርጊትም ለመሠረትም እንዳይነካሽ፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው የሚከፍተው።

አርክቴክት ነኝ

የመምህሩን ሁሉንም እስማማበታለሁ። «ጭቃ የድሃ ነው» ለሚሉሽ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በ2003 ዓ.ም. ዙሪክ ካለው ኢቲኤች (ETH) የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አለ። የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው። ፎቁን የተሸከመው ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች የተገነባ ቅስት ነው። ላሊበላ ያሉት ክብ ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶችም ድንጋያቸው የተያያዘው በጭቃ ነው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ በዚያ ቦታ ምን ዓይነት ግንባታ እንደሚፈቀድ ጠይቂ።

የጠባሴዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ! ጋሼ መምህር፣ የልስኑን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፤ «የእኛም ቤት እንዲሁ ሆኖ ነበር» አለችኝ። ውኃስ እንዴት አደረጋችሁ? ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

ጡረተኛው መምህር

ከጣሪያው ነዋ ልጄ። ክፈፉን ጨምሮ ጣሪያሽ 60 ካሬ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። አካባቢያችን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ነው። አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ስለሚወርድ ሁሉንም አትይዢውም። 5,000 ሊትር ሮቶ በቀን 40 ሊትር ብትጠቀሙ አራት ወር ይዘልቃል። አሸንዳው ላይ ወንፊት ይኑር። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ያጥባልና ወደ ሮቶው አታስገቢው፣ ለጌሾሽ አጠጪው።

ባህር ዛፍ ግን ከቤቱ አጠገብ አትትከዪ። ጉድጓድና ጓሮ ያደርቃል።

የጠባሴዋ

ቅዳሜ ወርጄ ቦታውን አስቆፈርኩ። ላዩ ዋልካ ነው፣ እስከ ጉልበቴ። ከሥሩ ቀይ ደረቅ አፈር ወጣ። ጥቂቱን በጠርሙስ ውኃ በጥብጬ አሳደርኩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተለይቶ ቁጭ ብሏል። ግማሽ በግማሽ ይመስላል። ጋሼ፣ ይሆናል?

ጡረተኛው መምህር

ይሆናል። ሸክላው በዛ እንዳትዪ፣ ጭዱን ጨምሪበት። ዋልካውን ጠርገሽ አውጪ፣ መሠረቱ ቀዩ ላይ ይቀመጥ። ምርጊቱን ቀን ስትቆርጪ ጻፊልን። ባለቤቴ ንፍሮውን ይዛ ትመጣለች፣ እኔም እግሬ ጭቃ ለመርገጥ ገና አልደከመም።