ሎዜር፦ ሰው ያነሰበት የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር፤ ዓለቱ፣ አሞራው፣ መተዳደሪያው

ሰላም ጂኦ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ስለ ፈረንሳይዋ ሎዜር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። 5,167 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 77 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ይኖራል፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 15 ሰው መሆኑ ነው። ከዚህ ሌላ የማገኘው ሁሉ «ተራራማ የግብርና አካባቢ» እያለ ያልፈዋል። ቦታው እንዴት ነው የሚከፋፈለው? ጥንብ አንሳዎቹ በሕይወት ያለ በግ ይበላሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ሰዉስ በምን ይተዳደራል?

ዓለት ለቃሚ

እህቴ፣ ካርታውን በከተሞቹ ሳይሆን በዓለቱ ክፈይው፤ የቀረው ተከትሎ ይመጣል። ሰሜን ምዕራቡ ኦብራክ ነው፤ ባዛልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዛፍ አልባ የግጦሽ ሜዳ፣ የላም አገር። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ማርዠሪድ አለ፤ ግራናይት፣ ጥድና ረግረግ። ደቡብ ምሥራቁ ሴቬን ነው፤ እንደ ንብብር የሚሰነጠቅ ሺስት የሚባል ድንጋይ፣ ተዳፋቱ ላይ በእጅ የተካበ እርከንና ሻቴኝ የሚባል ለውዝ መሰል የሚበላ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ። ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ኮስ የሚባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮስ ላይ ነው። ደረቅ ሆኖ ስለሚታይ ዝናብ የማያገኝ ይመስላል። ዝናቡስ ይዘንባል፤ ግን የኖራ ድንጋዩ በስንጥቁ ያሰርገውና ከታች፣ እስከ 500 ሜትር በሚጠልቀው የታርን ወንዝ ሸለቆ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አምባው ላይ ወንዝ ስለሌለ በጎቹ የሚጠጡት ላቮኝ ከሚባል ኩሬ ነው፦ ክብ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ወለሉ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ብዙውን ጊዜ ላዩ ድንጋይ የተነጠፈበት። ንጣፉ ለጌጥ አይደለም። የበጎቹ ኮቴ ሸክላውን ከበሳው ኩሬው ውሃ መያዝ ያቆማል። እህልም የሚዘራው ቀይ አፈር በተጠራቀመባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ነው።

ከፍተኛው ጫፍ ፊንዬል 1,699 ሜትር ነው። በእኛ አገር ወይና ደጋ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 44 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በብርድ ወራት በረዶ ይጥልበታል። ሌላም ነገር አለ፦ ከጎረቤት ወደ ሎዜር የሚገባ ትልቅ ወንዝ አታገኚም። ታርን፣ ሎትና አልዬ እዚያው መንጭተው ነው የሚወጡት።

ክንፈ ረጅም

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዝ። ግሪፎን የተባለው ጥንብ አንሳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከአካባቢው ጠፍቶ ነበር፤ የጨረሰው ጥይትና ለተኩላ የሚቀመጥ መርዝ ነው። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ዦንት ሸለቆ ላይ እንደገና መለቀቅ ጀመረ። ቀደም ሲል የተለቀቁት ወጣቶቹ ወፎች አልበረከቱም ነበር፤ በኋላ ግን የጎለመሱና በትልልቅ የሽቦ ቤት ውስጥ የተጣመሩ ወፎች ተለቀቁና ያዘላቸው። ጥቁሩ ጥንብ አንሳ በ1992፣ ጢማሙ በ2012 ተከተሉ።

በሕይወት ያለ በግ ይበላሉ ወይ? አካሉ በድን ለመቅደድ እንጂ ለማደን የተሠራ አይደለም፤ ጥፍሩ ደካማ ነው። ነገር ግን ምጥ ጠንቶባት የተጋደመች ላም ወይም በግ፣ መነሳት ያቃታት ከብት ካገኘ በሕይወቷ እያለች መብላት ሊጀምራት ይችላል። ከገበሬው ጋር ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ወፎቹ ሲበሉ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን ገፎ ከቁስሉ ሥር ያለውን ሥጋ ያያል። ደም ተበትኖ ከረጋበት ስትነከስ በሕይወት ነበረች፤ ሥጋው ንጹሕ ከሆነ ሞታ ቆይታለች። ስለዚህ ገበሬው በድኑን ቶሎ በሸራ ይሸፍን፣ ፎቶ ያንሳ፣ ሐኪም ይጥራ። ትንሽ ከዘገየ መንጋው አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው የሚያስቀርለት።

ብዙ ገበሬ ግን ይጠቀምባቸዋል። ፈቃድ አውጥቶ፣ ቦታ አጥሮ፣ የሞተ በግ ያኖርላቸዋል፤ በድን ሰብሳቢ መኪናም አይጠብቅም። አደጋው መድኃኒት ነው፦ በማደንዘዣ መርፌ እንድትሞት የተደረገች ወይም ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ የተሰጣት ከብት ወፎቹን ትገድላለች። የሕንድን ጥንብ አንሳዎች የፈጀው ይኸው ዲክሎፌናክ ነው።

በነገራችን ላይ ቱሪስት የሚያየው የሳንት ኡላሊ ጎሽና የሳንት ሉሲ ተኩላ በአጥር ውስጥ ያሉ ናቸው፤ «የዱር አራዊት» ብለሽ እንዳትጽፊያቸው።

የቅዳሜ ገበያ

ስለ መተዳደሪያው፦ «የግብርና አካባቢ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። መሬቱን የያዘው ግብርና ነው፤ ብዙውን ሰው የቀጠረው ግን አገልግሎት ነው፤ በተለይ ጤና፣ የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን መኖሪያዎች። ሳን ሼሊ ዳፕሼ በምትባል ከተማ ውስጥ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆን ብረት የሚሠራ ፋብሪካም አለ።

ከብቱን በዓለቱ ልክ አስቀምጪው። ኦብራክ ላይ የሥጋ ላሞች በግንቦት መጨረሻ ወደ ተራራ ይወጣሉ፣ በጥቅምት አጋማሽ ይወርዳሉ (በፈረንጆቹ ወር ነው የምቆጥረው)። ኮስ ላይ ላኮን የሚባለው የበግ ዘር ይታለባል፤ ወተቱ በጎረቤቱ አቬይሮን ዋሻዎች ውስጥ ሮክፎር አይብ ይሆናል። 3 ኪሎ ለማይሞላ አንድ ድቡልቡል አይብ 12 ሊትር ያህል ወተት ይሄዳል፤ ለሽያጭ የሚወጣውም ቢያንስ 90 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በጓ ዓመቱን ሙሉ ስለማትታለብ የገበሬው የወተት ገቢም በወራት የተወሰነ ነው። ሴቬን ላይ የፍየል አይብ፣ ማርና ሻቴኝ አለ፤ እርከኑ ጠባብ ስለሆነ ትራክተር አያስገባም፣ ዋጋቸውም የሚወደደው ለዚህ ነው።

ሰላም ጂኦ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! ጢማሙ ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?

ክንፈ ረጅም

ዝርያው አንድ ነው፤ የእኛው የአፍሪካው ንዑስ ዝርያ ነው። ሁለቱም ዘንድ አጥንት ነው የሚበላው፤ የሚከብደውን ከከፍታ ዓለት ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። ስለዚህ በድን ማስቀመጫው ቦታ ላይ ግሪፎኖቹ ሲጨርሱ አጥንቱን ጠርጎ መጣል ስህተት ነው።