ለጀርመን ተማሪ ቪዛ 11,904 ዩሮ አሳዪ ተብዬ፣ አባቴ ገበሬ ነው፣ ምን ላድርግ?

የቢቸናዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቢቸና ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረስኩት። ለማስተርስ ጀርመን አመልክቼ አድሚሽኑ መጣልኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የትምህርት ክፍያ የለውም፣ በየሴሚስተሩ የምትከፈል ትንሽ መዋጮ ብቻ ናት። እስከዚህ ድረስ ቤታችን እልልታ ነበር። ከዚያ የቪዛውን ዝርዝር ከፈትኩ። 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት (የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ) ውስጥ መግባት አለበት ይላል።

አባቴ ገበሬ ነው። ጤፉ ጥሩ ነው፣ ከብት አለው፣ መሬቱም የይዞታ ደብተር አለው። ባንክ ውስጥ ብር የሚያስቀምጥ ሰው ግን አይደለም። አዲስ አበባ ነጋዴ አጎት አለኝ፣ "የምችለውን እሞላለሁ" ብሏል። ፍራንክፈርት ደግሞ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ቋሚ ሥራ አለው። ሰሞኑን አንድ ኤጀንሲ "ብሩን እኛ እናስገባልሻለን፣ ቪዛው ሲመታ ከነኮሚሽኑ ትመልሻለሽ" አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ በሬዎቹን ሊሸጥ ተነሳ፣ እናቴ ናት "እርሻ በምን ልታርስ ነው?" ብላ ያስቆመችው።

የቱ መንገድ ይሻላል? ደግሞ ዋናው ዲግሪዬ እጄ ላይ የለም፣ ያለኝ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ነው። ይበቃል?

ከዳንግላ እስከ ድሬስደን

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። አድሚሽኑን ካገኘሽ ከባዱን አልፈሻል፣ ቀሪው ወረቀት ነው። ወረቀቱም ያደክማል እንጂ አይገድልም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። 11,904 ዩሮ ማለት በወር 992 ዩሮ ለ12 ወር ነው። ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለኤምባሲው የሚከፈል እንዳይመስልሽ፣ የራስሽ ብር ነው፤ ስትደርሺ በየወሩ እየተቆረጠ ለራስሽ ይለቀቅልሻል፣ ቤት ትከራዪበታለሽ፣ ትበይበታለሽ። ቪዛው ከተከለከለም የክልከላውን ደብዳቤ አሳይተሽ ትቀበያለሽ፣ የአገልግሎት ክፍያው ነው የሚቀረው። ይህን ለአባትሽ በደንብ አስረጂያቸው፣ ብሩ የትም የሚቀልጥ መስሏቸው ይሆናል የደነገጡት።

ሁለተኛ፣ ብሎክድ አካውንት ብቸኛው መንገድ አይደለም። የአክስትሽን ልጅ ያነሳሽው እንደ ዋዛ ነው፣ ለኔ ግን ትልቁ ካርድሽ እሱ ነው። ጀርመን የሚኖር ሰው በሚኖርበት ከተማ ወዳለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ "የዚችን ልጅ ወጪ እኔ እሸፍናለሁ" ብሎ ይፈርማል። ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይሉታል። የደመወዝ ወረቀቱንና የቤት ኪራይ ውሉን ያያሉ፣ ገቢው እሱንም አንቺንም ካልቻለ አይቀበሉትም። ለትምህርት መሆኑ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ለጉብኝት ተብሎ ከተጻፈ ዋጋ የለውም። ኦሪጅናሉን ይልክልሻል። ግን በስልክ "እሺ በላት" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንቺ መንግሥት ላይ ወጪ ካመጣሽ እሱ ነው የሚጠየቀው፣ ግዴታውም እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ እናትሽ ወይም አክስትሽ ቁጭ ብለው ያናግሩት። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ማስጨነቅ ነውር ነው።

እሱ ካልሆነለት ወደ አጎትሽ ነው። አድሚሽንሽንና ፓስፖርትሽን ይዛችሁ ባንክ ሂዱና ለተማሪ የውጭ ምንዛሪ ጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ነው፣ ስለዚህ በብር ከሚሊዮን በላይ እንደሆነ አውቃችሁ ተዘጋጁ። የመሬቱን ደብተር ግን ተዪው። መሬት በሕግ አይሸጥም፣ ስለዚህ ለኤምባሲ ገንዘብ አይደለም።

ቀልጣፋው

ኧረ ለምን ታስጨንቋታላችሁ። በኤጀንሲ አስገቢና ሂጂ። ግማሹ ሐበሻ እንደዚያ አይደል የሄደው? ደርሰሽ ሠርተሽ ትመልሻለሽ። በሬም አይሸጥ፣ አጎትም አይለመን።

ከዳንግላ እስከ ድሬስደን

@ቀልጣፋው ወንድሜ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ልጅቷ ደረሰች እንበል። በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅላታል። ኤጀንሲው "ብሬን" ይላል፣ ኮሚሽኑንም ጭምር። ታዲያ ኪራዩን በምን ትክፈል? "ትሠራለች" ትላለህ። ተማሪ በዓመት ሙሉ ቀን ከሆነ 140 ቀን፣ ግማሽ ቀን ከሆነ 280 ቀን ነው የሚፈቀድለት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ደግሞ ቋንቋው የለም፣ ፈተናው አለ፣ ብርዱ አለ። ኑሮዋንም ዕዳዋንም በዚያ ልትችል ነው?

ከዚህ የባሰው ሰው የማይነግርሽ ነገር ነው @የቢቸናዋ። የመኖሪያ ፈቃዱ ይታደሳል። ስታሳድሺ እንደገና በምን እንደምትኖሪ አሳዪ ይሉሻል። የኤጀንሲው ብር አንድ ጊዜ በር ይከፍትልሻል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው በር ፊት ባዶ እጅሽን ትቆሚያለሽ። እዚህ ከተማ ኮርሱን ትቶ ሌሊት ዕቃ መጋዘን የሚያድር ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር። የሚሠራው ለሁለት ነው፣ ለራሱና አገር ቤት ላለው አበዳሪ።

አንዳንዶቹ ደግሞ ብሩን እንኳን አያስገቡም፣ የተሠራ ወረቀት ነው የሚሰጡሽ። ያ ከታወቀ ቪዛው መከልከሉ ብቻ አይደለም፣ ከወጣም በኋላ ይሰረዛል።

ከሬጅስትራር ደጃፍ

እኔ ስለ ወረቀቱ ልበል፣ ሥራዬ ከዚያው አካባቢ ስለሆነ ተማሪው የት የት እንደሚሰናከል አያለሁ።

ቴምፖሽ ለማመልከቻ ሊያሠራሽ ይችላል፣ ለቪዛ ግን ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አውጪ። ዋናው የማይሰጥሽ ወጪ መጋራት ስላለብሽ ነው። ስትገቢ የፈረምሽውን ውል አስታውሺ። ቀሪውን ከፍለሽ ክሊራንሱን ይዘሽ ነይ፣ "ነገ ነይ" የሚለው ቃል ያጥራል። በመጨረሻው ሳምንት አትምጪ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው የምትባዪው።

ከሁሉ በላይ ግን የልደት ቀንሽን አሁኑኑ ተመልከቺ። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የ12ኛ ክፍሉ ካርድ፣ ዲግሪው፣ ሁሉም አንድ ቀን ይላሉ? እንዴት እንደሚበላሽ ልንገርሽ። ታኅሣሥ 25 ቀን 1994 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 3 ቀን 2002 ናት። ጸሐፊው ግን "እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰባት ዓመት ነው የሚደመረው" ይልና 2001 ብሎ ይጽፈዋል። ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 ጀምሮ የፈረንጁ ዓመት እንደሚዞር ይረሳል። ሌላው ጭራሽ አይቀይረውም፣ የእኛኑ ቀን በፈረንጅ ወር ስም ይጽፈዋል። አንዷ ወረቀት ላይ አንድ ዓመት ስትዘል ኤምባሲው "ይህች ሌላ ሰው ናት?" ማለቱ አይቀርም።

ስምም እንደዚያው ነው። የአባትሽና የአያትሽ ስም በላቲን አንዱ ወረቀት ላይ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ላይ በአንድ ኤስ ተጽፎ ከሆነ ፓስፖርቱን ዋና አድርጊውና ሌላውን ወደ እሱ አስተካክዪ። ባሕር ዳር የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለ፣ የፓስፖርቱን ጉዳይ እዚያው ሞክሪ። ለአዲስ አበባው ጣጣ ደግሞ ለአጎትሽ ውክልና ስጫቸው፣ የውጭ ጉዳይን ማህተም እሳቸው ያስመቱልሽ። የአባይ በረሃን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን የለም።

ቡሬ ነኝ

ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ እኔ ደግሞ አሜሪካ ነው የተቀበለኝ። እዚያም ብሎክድ አካውንት አለ?

አባይ ማዶ

@ቡሬ ነኝ የለም፣ የነሱ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የገንዘብ ማስረጃህን አይቶ አይ-20 የሚባለውን የመቀበያ ሰነድ ይልክልሃል። ከዚያ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር ትከፍላለህ፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፣ ቀጥሎ ኢንተርቪው። ብዙው ሰው የሚወድቀው 214(ቢ) በምትባለው አንቀጽ ነው፣ ተምሮ እንደሚመለስ አላሳመነም ማለት ነው። መስኮቱ ላይ የሚሰጥህ ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥክና ማን እንደሚከፍል በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ልመድ። የተሸመደደ እንግሊዝኛ ወዲያው ያስታውቃል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኛ የሚመታው አብዛኛው ቪዛ ለ3 ወር፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ያ ግን የመግቢያው ጊዜ ነው፣ የትምህርቱ አይደለም። ሌላ ጥያቄ ካለህ አዲስ ርዕስ ክፈት፣ የልጅቷን አንበትንባት።

የቢቸናዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዲግሪዬን ሳየው ልደቴ በትክክል ዞሯል፣ የ12ኛው ካርድ ላይ ግን የአያቴ ስም ፊደል ይለያል። ሰኞ ማርቆስ እሄዳለሁ። እናቴም ለአክስቴ ደውላለች። ልጁ "ደመወዜ ይበቃ እንደሆነ ቢሮውን ልጠይቅ" ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢከለክሉኝ ይግባኝ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው?

ከዳንግላ እስከ ድሬስደን

በፊት ለኤምባሲው ራሱ የቅሬታ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ወይ በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው ወይ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት። ብዙው ሰው እንደገና ያመለክታል፣ 75 ዩሮውን ድጋሚ ይከፍላል። ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ ሞልተሽ ግቢ የምንልሽ። የጀርመኖቹ የክረምት (ዊንተር) ሴሚስተር ኦክቶበር ላይ ይጀምራል፣ ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም፣ ስለዚህ የስሙን ነገር ሳትጨርሺም ቢሆን ማመልከቻውን ዛሬ ክፈቺ። መዘግየቱን ካየሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ያስተላልፉልሻል።

የጤና ኢንሹራንሱንም እንዳትረሺ። ዕድሜሽ ከ30 በታች ከሆነ የተማሪውን መድን ነው የምትገቢው፣ ርካሽ ነው።

ከሬጅስትራር ደጃፍ

ሰኞ ስትመጪ የ12ኛውን ካርድ ኦሪጅናሉን ይዘሽ ነይ። ኮፒ ይዘሽ ከመጣሽ እመልስሻለሁ።