ከቶረንት በተገኘ አይፒ ብቻ ቤት ይበርበር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ያለበትን ቪዲዮ በቶረንት (ሰዎች ፋይል በቀጥታ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚለዋወጡበት ዘዴ) የሚያጋራ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር) ሐዋሳ ውስጥ ቢገኝ፣ ፍርድ ቤት በዚያ ብቻ የብርበራ ትዕዛዝ ይስጥ?

መርማሪ (ፒያሳ)፦ ይስጥ እንጂ! ቶረንቱ የሚለየው በ40 ፊደልና ቁጥር ሀሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ በሚወጣ መለያ) ነው፤ ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ የፋይሉን ስም ቢቀይርም አያመልጥም። በዘገየን ቁጥር ዲስኩ ይጠረጋል፣ ልጆችም ይጎዳሉ።

ኔትወርክ ባለሙያ (ታቦር)፦ ሀሹ ፋይሉን እንጂ ሰውየውን አያሳይም። አይፒው ትራከር (የትኛው አይፒ የትኛውን ቶረንት እንደሚያጋራ የሚዘረዝር ሰርቨር) ላይ መዘርዘሩም ፋይሉ እሱ ጋ አለ ማለት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፕሪንተራቸውን አይፒ ትራከር ላይ እንዲመዘገብ አድርገው፣ ምንም ባላወረደ ፕሪንተር ስም የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ስለዚህ መርማሪው ራሱ ከዚያ አይፒ የፋይሉን ቁራጭ መቀበል አለበት። ተራው የቶረንት ፕሮግራም ቁራጮቹን ከብዙ ሰው ይለቃቅማል። ለምርመራ የሚያስፈልገው ከአንድ አይፒ ብቻ የሚያወርድ፣ ለማንም መልሶ የማያጋራ ነው።

ጠበቃ (አቶቴ)፦ ያም ሆኖ የማን መስመር ነው? በሞባይል ዳታ ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን አንድ አይፒ ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ይጋሩታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታ (ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደተገናኘ የሚያሳይ መረጃ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል፤ የምንጭ ፖርት (አንድን አይፒ የሚጋሩትን ግንኙነቶች የሚለይ ቁጥር) ያልተጻፈበት የመርማሪ ደብዳቤ ግን ከዚያ መዝገብ አንድ ሰው ነጥሎ አያወጣም።

ኔትወርክ፦ ሰዓቱም አለ! ሎጉ (የግንኙነት መዝገቡ) 21:14:07 ዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) የሚል ከሆነ ሐዋሳ ላይ ከሌሊቱ 6:14:07 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑም ተቀይሯል። ደብዳቤ ጸሐፊው «ከምሽቱ 3:14» ብሎ ከገለበጠው ሦስት ሰዓት ተሳስቷል፤ በዚያን ሰዓት አይፒው የሌላ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ዩቲሲው እንዳለ ይጻፍ።

መርማሪ፦ ይህን ሁሉ ካሟላሁስ?

ጠበቃ፦ ለብርበራ ይበቃል፣ ለእስር አይበቃም። አንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራዮች አንድ ራውተር ይጋራሉ፤ መስመሩ በስማቸው ስለሆነ ብቻ አከራይዋ እናት ጣቢያ ሊያድሩ አይገባም።

መርማሪ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ማንነቱን የሚለየው ኮምፒውተሩ ነው። በርቶ ከተገኘ ሶኬቱን መንቀል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ ራም (ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚጠረግ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ያለው ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ራሙ ይቀዳ፣ ቀጥሎ ዲስኩ በራይት ብሎከር (ዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ በሚከለክል መሣሪያ)። የቅጂው ሻ-256 ሀሽ (ቅጂው እንዳልተነካ የሚያሳይ መለያ) እዚያው ምስክሮች ፊት ይመዝገብ። ኪውቢትቶረንት የተባለው የቶረንት ፕሮግራም ካለ የፋስትሪዚዩም (የማውረድ ሂደት መዝገብ) ፋይሎቹን እዩ፦ ቶረንቱ መቼ እንደተጨመረ፣ ምን ያህል እንደወረደና እንደተጋራ ይይዛሉ። ዊንዶውስ ላይ በየተጠቃሚው አካውንት ሥር ስለሚቀመጡ አባትና ልጅ በአንድ ላፕቶፕ ቢጠቀሙም ለመለየት ይረዳሉ።

ኔትወርክ፦ እንግዲያው ለቤት መስመር ተቃውሞ የለኝም። ለሞባይል አይፒ ግን ፖርት ሳይያዝ የሚሰጥ ትዕዛዝ አሁንም እቃወማለሁ።